ዋግ ቪዛ አይጠይቅም

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው፤ ሻያችሁን ይዛችሁ አንብቡት። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ እንዳንደናገር።

ነገሩ ከአንድ ጥያቄ ይነሳል። በቅርቡ ስለ ፈንገስ ሳስተምር የስንዴ ዋግን በምሳሌነት አነሳሁና፣ የዋግን ምርምር እነማን በገንዘብ እንደሚደግፉት እግረ መንገዴን ጠቀስኩ። አንዱ የ11ኛ ክፍል ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ፈረንጆቹ በኛ ስንዴ ምን አገባቸው? የሆነ ነገር ፈልገው ነው አይደል?» ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን ጥያቄውን ወደድኩት። በአንድ ክፍለ ጊዜ ተመልሶ የሚያልቅ ስላልሆነ እዚህ ልመልሰው።

አጭሩ መልስ፦ አዎ፣ የሆነ ነገር ፈልገው ነው። የራሳቸውን ዳቦ። እኛም የራሳችንን። ረጅሙ መልስ ግን ደስ የሚልም የሚያሳስብም ነገር አለበት።

መጀመሪያ ዋግ ምንድን ነው? ለቡ መብራት ኃይል ተወልዶ ላደገ ልጅ ስንዴ ማለት ዳቦ ቤት በር ላይ የሚገዛ ነገር ነው። ስንዴ ትዝ የሚለን ዋጋው ሲጨምር ወይም ዳቦው መጠኑ ሲያንስ ነው። ገበሬ ግን ዋግን በስሙ ያውቀዋል። ሦስት ዓይነት ነው፦ የግንድ ዋግ፣ ቢጫ ዋግ፣ የቅጠል ዋግ። የግንድ ዋግ የያዘው ማሳ ውስጥ ስታልፉ ሱሪያችሁ ላይ የዛገ ብረት የሚመስል ቀላ ያለ ዱቄት ይቀራል። ያ ዱቄት ስፖር ነው፣ የፈንገሱ ዘር በሉት። ፈንገሱ የተክሉን ምግብና ውሃ ይሻማዋል፤ ፍሬው ይጨማደዳል፣ ግንዱ ይሰበራል። ሊታጨድ ጥቂት ሳምንት የቀረው ያማረ ማሳ ባዶ ገለባ ሆኖ ሊቀር ይችላል።

ስፖሩን ደግሞ ንፋስ ይሸከመዋል። ከቀበሌ ቀበሌ ብቻ አይደለም፤ ከአገር አገር፣ ባሕር ተሻግሮም ይሄዳል። ኬላ የለው፣ ፓስፖርት የለው።

አሁን ወደ ታሪኩ። በ1999 ዩጋንዳ ውስጥ አንድ አዲስ የግንድ ዋግ ዓይነት ታወቀ። «ዩጂ 99» ተባለ፤ የዩጋንዳና የዓመቱ ምልክት ነው። አስፈሪ ያደረገው፣ የዓለም የስንዴ አዳቃዮች ለብዙ ዓመታት የተማመኑበትን አንድ የመከላከያ ጂን አልፎ መግባቱ ነው። ቁልፉ ተገኘበት በሉት። ከዚያ በ2001 ኬንያ፣ በ2003 እኛ ጋ፣ በ2006 የመንና ሱዳን፣ በ2007 ኢራን። ካርታ ላይ አስቀምጡትና እዩት። እየተጓዘ ያለው ወደ ትልልቆቹ የእስያ የስንዴ ማሳዎች አቅጣጫ ነው።

ያኔ ደወሉን ከደወሉት አንዱ ኖርማን ቦርሎግ ናቸው። በስንዴ ምርምራቸው በ1970 የሰላም ኖቤል የተሸለሙት ሰውዬ። በ2005 የ91 ዓመት ሽማግሌ ነበሩ። ናይሮቢ ላይ በዚያ ዓመት የዓለም የዋግ ትብብር ሲጀመር ከፊት ቆመው ነበር፤ ትብብሩ ዛሬም በስማቸው ይጠራል። በ2008 የጌትስ ፋውንዴሽን ለኮርኔል ዩኒቨርሲቲ 26.8 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ፤ ሥራው ግን የብዙ አገር ተቋማት የጋራ ሥራ ነበር። በ2011 ደግሞ ጌትስ 25 ሚሊዮን፣ የእንግሊዝ መንግሥት የልማት መሥሪያ ቤት 15 ሚሊዮን፣ በድምሩ 40 ሚሊዮን ዶላር አዋጡ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ አንድ የአሜሪካ የግል ፋውንዴሽንና አንድ የአውሮፓ መንግሥት ናቸው አንድ ሥራ ላይ ያዋጡት።

ገንዘቡ የት ገባ? የተወሰነው እዚሁ ነው። አርሲ፣ አሰላ አጠገብ ያለው ቁሉምሳ የምርምር ማዕከል፤ ቢሾፍቱ ያለው ደብረ ዘይት ማዕከል፤ ኬንያ ደግሞ ንጆሮ። ከተለያዩ አገሮች የሚመጡ የስንዴ ዝርያዎች እነዚህ ቦታዎች ላይ ይዘራሉ፤ ሆን ተብሎ ዋግ ይለቀቅባቸዋል፤ የሚተርፈው ይመረጣል። ለምን እዚህ? ጠላቱ ያለው እዚህ ስለሆነ። ከለቡ ቢሾፍቱ ምን ያህል ነው? መንገዱ ካልተጨናነቀ አንድ ሰዓት አካባቢ። ስንቶቻችን ነን ሐይቅ ልናይ የሄድን፣ ዓለም የዱረም ስንዴውን የሚፈትንበትን ማሳ አልፈን?

ሳይንስ ግን አንዴ አሸንፎ የሚቀመጥበት ነገር አይደለም። በ2010 ቢጫ ዋግ ገባና ገበሬው አብዝቶ ይዘራቸው የነበሩትን ኩብሳና ገለማ የሚባሉ ዝርያዎች መታቸው። ገበሬው ምን አደረገ? ዲገሉ ወደሚባለው ዝርያ ሄደ። ዲገሉ ቢጫ ዋጉንም ዩጂ 99ንም ይችላል። ሁሉም ዲገሉ ዘራ። በ2013 መጨረሻ ባሌና አርሲ ላይ ሌላ የግንድ ዋግ ዓይነት መጣ፣ ከዩጂ 99 ቤተሰብ ያልሆነ። ዲገሉ የተዘራባቸው ማሳዎች ላይ ጉዳቱ 100 በመቶ የተጠጋበት ቦታ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ሠርተህ፣ ማዳበሪያ በዱቤ ገዝተህ፣ ባዶ ጆንያ ይዘህ ስትመለስ አስቡት። ጥሩው ነገር፣ በ2010 የተለቀቁት ካካባና ዳንደኣ የሚባሉ ዝርያዎች ነበሩ፤ ከውጭ በመጣ መነሻ ዘር ላይ የኛ ተመራማሪዎች የሠሩባቸው ናቸው። አማራጭ ዘር ባይኖር ኖሮ ገበሬው ወዴት ይሄድ ነበር?

አሁን ተማሪዬ የጠየቀውን ስሙ። በዚያው በ2013 እንግሊዝ አገር፣ ሰፎክ የሚባል ቦታ አንድ የታመመ የስንዴ ተክል ተገኘ። አንድ ተክል ብቻ! እንግሊዝ የግንድ ዋግ ካየች ወደ 60 ዓመት ሊሆናት ነበር። ተመራማሪዎች ሲመረምሩት ዓይነቱ ዲገሉን ካጠፋው ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ። ከኛ ሄደ እያልኩ አይደለም፤ ያ የዋግ ዓይነት ሌሎች አገሮችም አለ። ልል የፈለግኩት፣ የባሌ ገበሬና የሰፎክ ገበሬ በአንድ ዓመት ውስጥ አንድ ዓይነት ጠላት ነበራቸው። «ምን አገባቸው» ለሚለው ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

ሌላ አንድ ነገር ልጨምር፣ ፊዚክስ የምትወዱ ትወዱታላችሁ። በ1986 የቼርኖቤል የኒውክሌር ጣቢያ ሲፈነዳ የእንግሊዝ የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤት መርዘኛው ብናኝ በንፋስ ወዴት እንደሚሄድ የሚያሰላ የኮምፒውተር ሞዴል መሥራት ጀመረ። ከዓመታት በኋላ ሰዎች አሰቡ፦ ብናኝ ብናኝ ነው፤ የኒውክሌሩን የሚያሰላ የዋጉን ስፖርስ ለምን አያሰላም? የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ ሜክሲኮ ያለው የስንዴና የበቆሎ ምርምር ማዕከል ሲሚት፣ የኛው የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩትና የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ተባብረው ለኢትዮጵያ የዋግ ቅድመ ማስጠንቀቂያ አወጡ። የልማት ሠራተኛው ማሳ ላይ ያየውን ይልካል፤ እዚያ ከአየር ትንበያው ጋር ይሰላል፤ «በሚቀጥለው ሳምንት እነዚህ ወረዳዎች ተጠንቀቁ» የሚል መረጃ ይመለሳል። ገበሬው መድኃኒቱን በግምት ሳይሆን በጊዜው ይረጫል። ስለ ቼርኖቤል ያሰበ ሰው አንድ ቀን ለአርሲ ገበሬ እሠራለሁ ብሎ ያስብ ነበር?

እና ይሄ ሁሉ እንዴት ነው የሚከፈለው? ከኛው ባህል ብንነሳ በቀላሉ ይገባናል።

አንደኛው መንገድ እንደ እድር ነው። ሁሉም ወደ አንድ ሣጥን ያዋጣል፤ ከሣጥኑ ለጋራ ጉዳይ ይወጣል። በ1971 የተቋቋመው ሲጂአይኤአር የሚባለው የዓለም የግብርና ምርምር ጥምረት እንዲህ ነው የጀመረው፦ የዓለም ባንክ፣ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች፣ መንግሥታት፣ እንደ ፎርድና ሮክፌለር ያሉ ፋውንዴሽኖች አንድ ላይ አዋጡ። አዲስ አበባ ጉርድ ሾላ ያለውን የእንስሳት ምርምር ግቢ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። በ1974 የተቋቋመው የዚያ ሣጥን ፍሬ ነው።

ሁለተኛው እንደ ወንፈል ነው። እያንዳንዱ የራሱን በሬ ይዞ ይመጣል፣ የሚታረሰው ግን የጋራ ነው። በ2009 የተመሠረተው ቤልሞንት ፎረም በዚህ መንገድ ይሠራል፦ የተለያዩ አገሮች የምርምር ገንዘብ ሰጪ ተቋማት አንድ የጋራ ጥያቄ ያወጣሉ፣ ስለ አየር ንብረት፣ ስለ ውሃ፣ ስለ ምግብ። ተመራማሪዎች ከተለያየ አገር ተቧድነው ያመለክታሉ፤ ሲያሸንፉ ባብዛኛው እያንዳንዱ አገር ለራሱ ሰዎች ይከፍላል። ገንዘቡ ድንበር ሳይሻገር ሐሳቡ ይሻገራል። አፍሪካም ውስጥ በ2015 የሳይንስ ገንዘብ ሰጪ ምክር ቤቶችን የሚያጠናክር ፕሮግራም ተጀምሯል፤ እንግሊዝ፣ ካናዳና ደቡብ አፍሪካ ያዋጡበት። ከመጀመሪያዎቹ 15 አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት።

ታዲያ እኛ በዚህ እድር ውስጥ ምንድን ነን? ተረጂ? ብዙ ሰው እንደዚያ ያስባል። እኔ አልስማማም።

በ1976 በጀርመን መንግሥት ድጋፍ አዲስ አበባ ውስጥ የዘር ባንክ ተቋቋመ። እነ ዶክተር መላኩ ወረደ የገበሬውን ዘር ከየተራራው ሰብስበው አስቀመጡ፤ በ1989 ትልቅ ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙበት። ካሊፎርኒያ ውስጥ ገብስን ያጠፋ የነበረውን የቢጫ ድንክ ቫይረስ የሚቋቋመው ጂን ደግሞ ከኢትዮጵያ ገብስ የተገኘ ነው። ወለንኮሚ አካባቢ የተወለዱት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ አውጥተው በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። ዘር አዋጥተናል፣ ሰው አዋጥተናል፣ ማሳ አዋጥተናል። የቁሉምሳና የደብረ ዘይት ተመራማሪ መደበኛ ደመወዝ ከመንግሥት በጀት፣ ማለትም ከናንተ ግብር ነው የሚወጣው። እድርተኛ ነን። እድርተኛ መብት አለው። ግዴታም አለው።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ።

አንዲት ተማሪ ነበረችኝ። ስሟንም የት እንደምትማርም አልጠቅስም። እዚሁ ሰፈር ያደገች፣ ባዮሎጂ ላይ ጎበዝ፣ የሷ ባች የሆናችሁ ታውቋታላችሁ፣ እባካችሁ ኮመንት ላይ ስሟን እንዳትጽፉ። ዕፅዋት ሳይንስ አጥንታ ሁለተኛ ዲግሪዋን በስንዴ በሽታ ላይ ጀመረች። የመመረቂያ ምርምሯ ከውጭ በሚመጣ ፕሮጀክት ነበር የሚከፈለው። በ2025 መጀመሪያ ላይ አንድ አጭር ኢሜይል ደረሳት፦ ሥራው ከዛሬ ጀምሮ ቁሟል። ገንዘብ ሰጪው ማን እንደሆነ እዚህ አላነሳም፣ ነጥቤም እሱ አይደለም።

ደውላ ያለችኝን ልንገራችሁ። «ቲቸር፣ ናሙናዎቹ ፍሪጅ ውስጥ ናቸው፣ የመብራቱን ማን እንደሚከፍል አላውቅም። ሁለተኛው ዙር ዘር በክረምት መዘራት አለበት። ሰብል እኮ ፖዝ አይደረግም።» ሰብል ፖዝ አይደረግም። ፎቅ ሲሠራ ገንዘብ ቢያልቅ ብረቱ ቆሞ ይጠብቃል፤ ሰፈራችን ውስጥ እንዲህ ዓመታት የቆመ አናጣም። የስንዴ ሙከራ ግን አንድ ክረምት ካለፈው የዚያ ዓመት መረጃ ለዘላለም የለም። ዋጉ ደግሞ በጀት እስኪለቀቅ አይጠብቅም።

በመላው ዓለም ያየነውም ይሄው ነው። በጥር 2025 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን አገደ፣ ሐምሌ ላይ ዩኤስኤአይዲ ተዘጋ። በየካቲት እንግሊዝ የውጭ እርዳታዋን ከብሔራዊ ገቢዋ 0.5 በመቶ በ2027 ወደ 0.3 በመቶ እንደምታወርድ አሳወቀች። ፖለቲካውን ለፖለቲከኞች እተወዋለሁ፤ በገንዘባቸው ላይ የመወሰን መብት አላቸው። ግን እድር የምታውቁ ሰዎች ንገሩኝ፦ ሣጥኑ በሁለት ሦስት ሀብታሞች መዋጮ የሚሞላ እድር እነሱ ሲወጡ ምን ይሆናል? ቀባሪ ያጣል።

ይሄ ትብብር ችግር የለበትም ልላችሁም አልችልም። ከአራት አምስት ዓመት በላይ የሚቆይ ፕሮጀክት ጥቂት ነው፤ አንድ የስንዴ ዝርያ አዳቅሎ ለማውጣት ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ በላይ ይፈጃል። ጥያቄውን ብዙውን ጊዜ የሚመርጠው ከፋዩ ነው። የሚያዋጣ ሰው ድምፁ ይሰማል፤ የማያዋጣ ሰው «ምን ላርግልህ» ሲባል ብቻ ይናገራል። የአፍሪካ መሪዎችም ይሄን አጥተውት አይደለም፤ በ2006 ካርቱም ላይ እያንዳንዱ አገር ከዓመታዊ ምርቱ 1 በመቶውን ለምርምር እንዲመድብ ተስማምተው ነበር። አብዛኛው አገር እዚያ አልደረሰም።

ለምን አሁን ይሄን አነሳሁ? ምክንያቱም አሁን ስንዴ ከምንጊዜውም በላይ እየዘራን ነው። ክረምት ብቻ ሳይሆን በበጋ በመስኖም። ደስ ይላል፤ ለዘመናት በጅቡቲ ወደብ በዶላር የገባ ስንዴ ነው የበላነው፤ እዚህ ለቡ ያለው ባቡር ጣቢያ የዚያው መስመር ነው። ግን ባዮሎጂ የተማራችሁ አስታውሱ፦ ዋግ እዚህ አገር ከወቅት ወቅት የሚተርፈው በሕይወት ባለ ተክል ላይ ነው። ድሮ በጋው ማሳውን ባዶ ያደርግበትና ይመናመን ነበር። ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ስንዴ ካለ፣ ዋጉ ከአንዱ ወቅት ወደ ሌላው የሚሻገርበት ድልድይ አገኘ ማለት ነው። አትዝሩ አልልም። ብዙ ስንዴ የሚዘራ አገር ብዙ ተመራማሪ ያስፈልገዋል ነው የምለው። እርሻውን አስፍተን ምርምሩን ሰው እንዲከፍልልን መጠበቅ፣ ትልቅ ቤት ሠርቶ ጥበቃውን የጎረቤት ዘበኛ እንዲጠብቅ እንደ መተው ነው።

ስለዚህ ልጄ፣ አንተ እጅህን ያወጣኸው፣ ጥያቄህን አንድ ደረጃ ከፍ አድርገው። «ፈረንጆቹ ምን አገባቸው» አትበል። «እኛስ ስንት አዋጣን?» በል። ሣጥኑ ውስጥ የኛ ብር ካለ፣ ምን ይመርመር የሚለው ላይ ድምፃችን ይኖራል፤ ሌላው ሲወጣም ሥራው አይቆምም። ያቺ ተማሪዬ ለአንድ ክረምት የምትፈልገው ገንዘብ ዓለም አቀፍ ድርድር የሚጠይቅ አልነበረም።

ማድረግ የምንችለውን ልጨርስ። መምህራን የሆናችሁ፣ ፈንገስ ስታስተምሩ ሻጋታ የያዘ ዳቦ ብቻ አታሳዩ፤ ስለ ዋግም አውሩ፤ ከተቻለ ትምህርት ቤታችሁ ደብዳቤ ጽፎ ተማሪዎችን ቢሾፍቱ ማዕከል ያስጎብኝ። ውጭ አገር ያላችሁ፣ ዩኒቨርሲቲና ላብራቶሪ ውስጥ የምትሠሩ፣ አንድ የኢትዮጵያ ተመራማሪ በጋራ ማመልከቻ ላይ አስገቡ። ቢሮ ውስጥ ያላችሁ፣ በጀት ሲቀነስ መጀመሪያ ምርምሩ ላይ እጃችሁን አታሳርፉ። ገጠር ቤተሰብ ያላችሁ ደግሞ 8028 የሚለውን የገበሬዎች የነፃ የመረጃ መስመር ንገሯቸው።

ልጅቷ አልተወችም። መምህሯ ከራሱ ዩኒቨርሲቲ ትንሽ ገንዘብ አግኝቶላት ከመጀመሪያው እቅዷ ሩቡን በምታህል መሬት ላይ ዘርታለች። አነስ ያለ ምርምር ነው፤ ግን ክረምቱ አላለፋትም።

ግብርና ላይ የምትሠሩ ወዳጆቼ፣ ያጎደልኩት ካለ ኮመንት ላይ ጨምሩልኝ፣ ተማሪዎቼ ያነቡታል። መልካም ሳምንት።